አያ እንድሪስ አቤቱታውን የሰጡኝ ቀን

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። አንባቢዬ፣ ዛሬ ላንተ ልንገርህ፤ ስጨርስ ግን አታጽናናኝ።

ጎብዬ አካባቢ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አለን። ውሃው ለማን መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስነው ሊቀመንበሩ ነው። በዚያ ዓመት ለሊቀመንበርነት የተወዳደሩት የሚስቴ ወንድምና አያ እንድሪስ ነበሩ። የአያ እንድሪስ ማሳ ቦዩ መጨረሻ ላይ ነው፤ የቆሙትም ውሃ ዘግይቶ ለሚደርሳቸው ለታችኞቹ ገበሬዎች ነበር። እኔ የአስመራጭ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ።

የሚስቴ ወንድም በጥቂት ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ነገር ግን ከሳጥኑ የወጣው ወረቀት መዝገብ ላይ ከፈረመው ሰው በልጦ ተገኘ። ማን እንደጨመረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ደንባችን ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤት የሚል ካለ ውጤቱ ይሰረዛል፣ ምርጫው ይደገማል። ከአምስት ቀን በኋላ የመጣ አቤቱታ አይታይም።

አያ እንድሪስ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ማመልከቻውን ቆቦ ድረስ ሄደው አስጽፈው ነበር። ላባቸውን እየጠረጉ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

“ቀኑ አላለፈም አይደል፣ ልጄ?”

“አላለፈም አያ እንድሪስ። እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ አስገባዋለሁ።”

“የተቀበልክበት ወረቀት ምናምን አትሰጠኝም?”

“እኔን አያምኑኝም?” አልኳቸው።

አፈሩ። “ኧረ ወላሂ፣ አንተንማ!” ብለው ወጡ።

ማህተሙ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። መዝገቡም እንደተከፈተ ነው። እኔ ግን አልመዘገብኩም። በማግስቱ ጠዋት መዘገብኩት፤ የማግስቱንም ቀን ጻፍኩበት። ማንም አላዘዘኝም። የሚስቴ ወንድም እንኳ አልለመነኝም። ታዲያ ለምን አደረግኩት? ቤቴ ሰላም እንዲያድር? የእኔም ማሳ ከላይ በኩል ስለሆነ? ሁለቱም ነው። ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ አቤቱታው ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ሳይታይ ወደቀ። አያ እንድሪስ ተነሡና በሰው ፊት ጠየቁኝ፤ “መቼ ነው የሰጠሁህ?”

“በስድስተኛው ቀን፣ ጠዋት” አልኩ።

አዩኝና ተቀመጡ።

በዚያ በጋ ውሃው ለታችኞቹ አልደረሰም። የአያ እንድሪስ ሽንኩርት ማሳው ላይ ደረቀ። ጎረቤቶቻቸው ደግሞ የወቀሱት እርሳቸውን ነው፤ “አዘግይተው ጉድ ሠሩን” እያሉ። እሰማ ነበር፤ ዝም አልኩ። ይህ ዝምታ ከመጀመሪያው በደሌ አይብስም? በመጨረሻ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ዋጃ፣ ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

ባለፈው ሳምንት እዚያ ሄድኩ።

“አቤቱታውን የሰጡኝ በአምስተኛው ቀን ነው፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት” አልኳቸው።

“እሱንማ እኔም አውቃለሁ” አሉኝ፣ ረጋ ብለው። “የማያውቁት እነዚያ ጎረቤቶቼ ናቸው። ለነሱ ንገር።”

ይቅር ይበሉኝ ሳልል ተነሥቼ ተሰናበትኳቸው።

የዚያ ምርጫ ዘመን አልቋል፤ አሁን የሚሰረዝ ውጤት የለም። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ግን ሚስቴም ወንድሟም ታችኞቹም ባሉበት ተነሥቼ እናገራለሁ። አያ እንድሪስን ይቅርታ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቢነፍጉኝም አልፈርድባቸውም።