ወደ ውጭ የሚከፈተው በር

ባለቤቴ ዕድሜ ልኩን አናጢ ነበር። ወደ ሙያው የገባውም አባቱ በሠሩት አንድ በር ምክንያት ነው። «ሰው ሁሉ በሩን ወደ ውስጥ እየከፈተ ቤቱን ያጣብባል፤ አባቴ ግን ወደ ውጭ አደረገው። ጥበብ ማለት ይኼ ነው!» ይለኛል። በዚህ ጥበብ የእኛንም ቤት በሮች በሙሉ ወደ ውጭ ሰቀላቸው። ከመኝታ ቤት የሚወጣ ሰው በኮሪደሩ የሚያልፈውን ይመታል። ልጆቻችን ከውስጥ አንኳኩተው መውጣት የተማሩት ገና ድክ ድክ ሲሉ ነው። ምራቴ መጀመሪያ የመጣች ቀን፣ «እዚህ ቤት ለመውጣትም ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?» ብላ ነበር።

አምና እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን ተወ። መሣሪያውን ለሰው አከፋፍሎ አንዲት ካቻቢቴ ብቻ ኪሱ ውስጥ አስቀረ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ «ኧረ እኔ ምን ሠራሁ?» ማለት አበዛ። አንድ ቀን ታዲያ፣ «ያንን በር አይቼ ልምጣ» አለ። በሩ እሱ እንደሚለው ባይሆንስ ብዬ ሰጋሁ። አብሬው ሄድኩ።

ያደገበት ሰፈር ስንደርስ፣ ሰፊ ነው ሲለኝ የኖረው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ወንዝ ያለው ደግሞ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ የተሻገርኩት ቦይ ነው። «ገብቷል» አለኝ፣ ሰፈሩ ታጥቦ የገባ ሹራብ ይመስል።

አንድ ነገር ግን አስገረመኝ። መንገደኛው ሁሉ አንድ ቤት አጠገብ ሲደርስ በማዶው ግድግዳ ተለጥፎ ያልፋል። ጭቃ የለ፣ ውሻ የለ! ባለቤቴ «ይኸው ቤታችን!» ብሎ በደስታ ሲጠጋ በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተና ትከሻውን አጮለው።

«በማዶ ሂዱ እኮ ነው የምላችሁ! ስንቴ ልናገር?» እያሉ አንዲት አሮጊት ወጡ። ድሮ ጎረቤት የነበሩ፣ ኋላም ቤቱን የገዙ ሴት ናቸው። ባለቤቴን ትኩር ብለው አዩት። «አንተ! የአቶ ሳምንት ልጅ አይደለህም?»

«የማን?»

«የአባትህ ነዋ! ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። በሩን ገልብጦ ገጠመውና እናትህ ስትጮህበት፣ ‹የዛሬ ሳምንት አዞረዋለሁ› አለ። ነፍሱን ይማረው፣ ሳምንቱ ሳይደርስ አለፈ።»

የባለቤቴ ፊት አመድ መሰለ። ትከሻውን ማሸቱንም ተወ። «እትዬ፣ ለጥበብ ብሎ ነው እንጂ...» ብሎ ጀመረ።

«የምን ጥበብ! ማጠፊያውን መትቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የነቃው። አንተም አናጢ ሆነሃል አሉ፤ በል የአባትህን ጣጣ ጨርስልኝ።»

ካቻቢቴውን አወጣ። እኔ በሩን ደግፌ፣ እሱ በሚንቀጠቀጥ እጁ ብሎኑን እያሳደደ፣ ማጠፊያዎቹን ወደ ውስጥ አዞራቸው። ማውራቱን ሴትዮዋ ይዘውለታል፤ «ኧረ ጠበቅ አድርገው! ልክ እንደ አባትህ ትይዘዋለህ» ይሉታል።

ጨርሶ ገፋው። በሩ ጥቂት ሄደና ጓ! ብሎ ቆመ። ከኋላው አልጋ አለ። ሴትዮዋ ጭንቅላታቸውን ብቻ አስገብተው ቀሩ።

«እንዴ! ከገዛ ቤቴ አስወጣኸኝ እኮ!»

ባለቤቴ ፊቱ በራ። «አየሽ? አየሽልኝ? አባቴ ለክቶ ነው!» ብሎኑን መልሶ ሊፈታ ጎንበስ አለ። እያፏጨ ነው የሚሠራው። እንዲያ ሲያፏጭ ከሰማሁት ዓመት አልፎኛል።

ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የኔ ልጅ፣ አልጋው እኮ የኔ ነው፤ በቅርቡ ነው ያስገባሁት። እነ አባቱ እያሉ ያ ጥግ ባዶ ነበር።»

ባለቤቴ ቀና አለ። «እትዬ ምን አሉ?»

እኔ ሰው ፊት መናገር የማልወድ ሴት ነኝ። «እጅህ ይባረክ አሉ» አልኩት።

ሴትዮዋ አፈጠጡብኝ። ከዚያ የሱን ፊት አዩ፣ በሩን አዩ።

«ባርኬያለሁ» አሉ። «ብቻ ቶሎ በል፣ ልግባበት።»