ሽቅብ ይፈሳል የተባለው ወንዝ

ተማሪዎቿ «እትዬ ካርታ» ይሏታል። ጠዋት ጠዋት የተጠቀለለ የዓለም ካርታ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስለምትገባ የወጣላት ስም ነው። አማቷ መጀመሪያ የሰሙት ቀን፣ «ልጄ ያገባው ቁማርተኛ ነው እንዴ?» ብለው ክው አሉ።

ጂኦግራፊ ስታስተምር ነው ፀጉሯ የሸበተው። አንድ ቀን ካርታውን ከሰሌዳው በላይ ሰቅላ፣ «ናይል ወዴት ነው የሚፈሰው?» ብላ ጠየቀች።

«ወደ ደቡብ!» አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

«ወደ ሰሜን ነው» ስትላቸው፣ «አፈጮሌ» የሚሏት ልጅ ከኋላ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ ሰሜን እኮ ላይ ነው! ውሃ ሽቅብ ይወጣል እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፍርስ አለ። እትዬ ካርታ ግን አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ልጅቷ ያየችውን ነው የተናገረችው። በተሰቀለው ካርታ ላይ ሰሜን እውነትም ጣሪያው ጋ ነው። «ለካ ዓለምን እንደ ኮት ሚስማር ላይ አንጠልጥዬ ነው የኖርኩት!» አለች በሆዷ።

ወዲያው ካርታውን አወረደች። ወንበሮቹን ጥግ አስይዛ፣ የካርታውን ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ጋር አግጥማ ሲሚንቶው ላይ ዘረጋችው። ወንዙ የሚነሳበት ደጋ ሥር ደብተር ደራርባ ከፍ አደረገችው። ልጆቹ ዙሪያውን ተንበረከኩ።

«ይኸው ተራራው፤ ባሕሩ ደግሞ ያ ነው። ውሃው ወዴት ይሂድ?»

አፈጮሌ ከኪሷ ብይ አውጥታ ተራራው ላይ ለቀቀችው። ብዩ ተንደረደረና ሜዲትራኒያን ገባ።

«ወረደ! ወደ ሰሜን ወረደ!»

ጩኸቱን የሰሙት ርዕሰ መምህር በሩን በርግደው ገቡ። «ምን ጉድ ነው? ክፍል ነው ገበያ?»

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሩት» አለች አፈጮሌ፣ ብዩን እያቀበለቻቸው። ሰውየው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ አሉ። ደጋግመው ለቀቁት፤ የደወሉንም ድምፅ አልሰሙ።

በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ሆነ። የእትዬ ካርታ ተማሪዎች በደረሱበት ፍጻሜ ላይ፣ «ናይል ለምን ወደ ሰሜን ይፈሳል?» ተባለ። የተፎካካሪው ቡድን ልጅ አሰብ አድርጎ፣ «ነፋስ ስለሚገፋው» አለ።

አፈጮሌ ተነሳች። «ላይ ማለት ሰማይ ነው፤ ሰሜን አቅጣጫ ነው። ወንዝ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይሄዳል። ለናይል ዝቅታው በሰሜን በኩል ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዋንጫው የእነሱ ሆነ። ልጆቹ ዋንጫውን ትተው እትዬ ካርታ ላይ ተረባረቡና ትከሻቸው ላይ አወጧት።

«ኧረ በሕግ! ኧረ ትሰብሩኛላችሁ!» ትላለች። አንድ ጫማዋ ወልቆ ወድቋል፤ እሷ ግን እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።