«ራን»ን ያጠናንበት ክረምት

ስሚው፣ ቧንቧው ማጓራት ጀመረ። ውሃው ሊመጣ ሲል ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ አየሩን ያስወጣል፣ ያስላል፣ ዝገት የቀላቀለ ጭላጭ ይተፋል፣ ከዚያ ነው የሚለቀው። ጀሪካኑን ደቅኚና ነይ ተቀመጪ፤ እስኪሞላ ድረስ አንድ ነገር ላጫውትሽ። እኔ ይህን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከሞጣ ተነስቼ ቢቸና እገባለሁ፤ አባየ ተኝተውባት ወደነበረችው ክፍል።

አባየ፣ አባቴ፣ የቅኔ መምህር ነበሩ። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ነው። ጧት ጧት ተማሪዎቻቸው ደጃችን ላይ ተኮልኩለው ቅኔያቸውን ሲነግሯቸው፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ዕቃ እያጠብኩ የአባየን ሳል አደምጥ ነበር። ቃል የሳተ ተማሪ ሲኖር የሚያርሙት በሳል ነበር። እናቴ የሞተችው እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ሹፌር ሆኗል፣ እህቴ ግንደወይን አግብታ የልጆች እናት ሆናለች፤ ቤት ውስጥ የቀረነው አባየና እኔ ነበርን።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አባየ ከቅዳሴ ሲመለሱ በራችን ላይ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ሐኪም ቤት ሰንብተው ሲወጡ አንደበታቸው ቀስ እያለ ተመለሰ፣ እጃቸውና እግራቸው ግን እንደቀሩ ቀሩ። ተማሪዎቹ ጥቂት ጊዜ እየመጡ ደጁ ላይ ተቀመጡ፤ በኋላ ግን መማር አለባቸውና፣ ከወንዙ ማዶ ወደሚያስተምሩ ሌላ የኔታ ሄዱ። እኚያ የኔታ ራሳቸው በልጅነታቸው የአባየ ተማሪ ነበሩ። ደጃችን ጭር አለ።

ለእኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን እዚሁ ሞጣ ነርስነት እንድማር ስሜ ወጥቶልኝ ነበር። መስቀል እንዳለፈ መመዝገብ ነበረብኝ። ይህን ነገር ማንም አያነሳውም፤ እኔም አላነሳሁትም። አባየን ማን ያገላብጣቸዋል? ማን ያጥባቸዋል?

ክረምት እንደዚያ ዓመት በርትቶ ያየሁ አይመስለኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንዳችን የሌላችንን ድምፅ አንሰማም ነበር። ጭቃው ከደጃፍ አላስወጣ ይላል። የክፍሏ መስኮት የእንጨት ስለነበረች ስትዘጋ ቤቱ ይጨልማል፣ ስትከፈት ወጨፎ ገብቶ የአባየን ብርድ ልብስ ያረጥበዋል፤ ቀኑን ሙሉ እየከፈትኩ እዘጋት ነበር። ቤቱ የሚሸተው አባየን የማሽበት የካምፎር ቅባትና ያልደረቀ ልብስ ነው። እጄን በሳሙና ብፈትገው የካምፎሩ ሽታ አይለቀኝም፤ እንጀራ ስቆርስ እንኳ ይሸተኛል። የክፍል ጓደኞቼ ጃንጥላ ይዘው እየተሳሳቁ በመስኮቱ በኩል ያልፋሉ። አንዳንዴ ቆም ብለው አባየ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቁኛል። እኔ እንዴት እንዳደርኩ የሚጠይቀኝ አልነበረም። እንዲህ ስልሽ አባየን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። መውጫ ያጣሁት ስለምወዳቸው ነው። ብጠላቸውማ ቀላል ነበር።

አንድ ከሰዓት የእንግሊዝኛ መምህሬ ሊጠይቃቸው መጣ። ከሩቅ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ አገሩ መግባት ሳይሆንለት ቀርቶ ከእኛው ጋር ጭቃ ሲረግጥ የከረመ። አባየ እስከዚያች ቀን እንግሊዝኛን ከቁም ነገር ቆጥረውት አያውቁም። ያን ቀን ግን ወሬ አጥሯቸው ይሁን ተማሪ ናፍቋቸው እንጃ፣ እንግሊዝኛም እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያለው ቃል ይኖረው እንደሆነ ጠየቁት። መምህሩ ትንሽ አሰበና «ራን» የሚባል ቃል እንዳለ ነገራቸው። መሮጥ ማለት ነው፤ ግን መሮጥ ብቻ አይደለም። ውሃም «ራን» ያደርጋል፣ የጉንፋናም አፍንጫም፣ መኪናም፣ ሰዓትም። ሱቅ የሚያስተዳድር ሰውም ሱቁን «ራን» ያደርጋል ይባላል።

አባየ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። የተንቀሳቀሰው ግራ ከንፈራቸው ብቻ ነበር።

«ሱቁን ተሸክሞ ነው የሚሮጠው?» አሉ።

በማግስቱ መምህሩ ጠርዙ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ወፍራም መዝገበ ቃላት አመጣልን። «ራን» የሚለው አንድ ቃል ከገጽ ገጽ እየተሻገረ ይሄዳል። አባየ ገጹን በጣታቸው ደባበሱትና የት ላይ እንደሚያልቅ አሳይኝ አሉኝ። ሳሳያቸው እንደ መገረምም እንደ መቅናትም አደረጋቸው።

ከዚያ በኋላ ክረምታችን በዚያ ቃል ዙሪያ ሆነ። ጧት አጥቤያቸው፣ አገላብጫቸው፣ አጥሚታቸውን አጠጥቼ ስጨርስ፣ አባየ በግራ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። እኔ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጣሉ። አንዱንም ትርጉም በቀላሉ አያሳልፉትም። ጥለት ያለው ነጠላ ታጥቦ ቀለሙ ነጩ ላይ ሲፈስ እሱም «ራን» ነው ብላቸው፣ የሮጠው ቀለሙ ነው ወይስ ነጠላው ብለው ግማሽ ቀን ተከራከሩኝ። አንድ ነገር ሲያልቅም «ራን» ያለበት አነጋገር አለ ስላቸው ግን አልተከራከሩም፤ በእኛ ቤት ስኳር ሮጦ እንደሚያልቅ ያውቁ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ያለው ቧንቧ እንዲህ ማጓራት ሲጀምር መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ከአልጋቸው ሆነው «ራን አለ» ይሉኛል፣ እኔም ጀሪካን ይዤ ዝናቡ ውስጥ እወጣለሁ።

አንድ ቀን በቅኔ አንድ ሰም፣ አንድ ወርቅ እንደሚኖር አስረድተውኝ፣ የዚህ ቃል ወርቁ የቱ ነው ብለው ጠየቁኝ። መጽሐፉ አይልም አልኳቸው። ሰም ብቻ የሆነ ቃል የለም አሉና እንድቀጥል በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

ስቀጥል መኮብለል ከሚለው ላይ ደረስኩ፤ «ራን አዌይ»። ከቤት ጠፍቶ መሄድ ማለት ነው። ጧት ጧት የታጠበ አንሶላ ላሰጣ ስወጣ የሚኒባስ ረዳቱ ከአስፋልቱ በኩል ሲጣራ እሰማለሁ፤ «ሞጣ፣ ሞጣ፣ ሞጣ» ሲል እኔን በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር። ቃሉን ዘልዬ የሚቀጥለውን አነበብኩ።

አባየ ዓይናቸውን ገለጡ። ዕድሜ ልካቸውን ተማሪ የዘለለውን ቃል ሲይዙ የኖሩ ሰው ናቸው።

«የዘለልሽውን አንብቢው» አሉኝ።

አነበብኩት። ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ዓረፍተ ነገር ሥሪበት አሉኝ። ልጅቷ ኮበለለች ብዬ በእንግሊዝኛ ሠራሁና በአማርኛ መለስኩላቸው።

«ወዴት?» አሉ።

«እሱን አይልም፣ አባየ።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ቀጥዪ ሳይሉኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም መጽሐፉን ጭኔ ላይ እንደዘረጋሁ ቁጭ አልኩ፤ ተነስቼ መውጣት አቃተኝ፣ መውጫ ቢኖረኝም የምሄድበት ጓዳው ብቻ ነበር።

በማግስቱ ግን ፊታቸው ፈክቶ አገኘኋቸው። ለእንግሊዞቹ መልስ ማግኘታቸውን ነገሩኝ። «እኛም ‹ያዘ› አለን» አሉ። ከዚያ በዝግታ አንድ በአንድ ይደረድሩልኝ ጀመር፤ ብርድ ያዘው፣ ዝናብ ያዘን፣ ሥራ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ዳዊትን በቃሉ ያዘ፣ እጮኛ ያዘች። እንግሊዞቹ ሮጠ የሚሉት ቀለም እንኳ በደንብ ሲነከር እኛ ዘንድ ያዘ ይባላል። እንዲህ እያሉ ሄደው ሄደው ድንገት ቆሙ። ምን እንደመጣባቸው ገባኝ። ቀጥሎ ያለው አልጋ ያዘ የሚለው ነበር። እሳቸውም አላሉት፣ እኔም አላልኩት። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁ።

ፍልሰታ እንደተፈታ ወንድሜ ከባሕር ዳር መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለአባየ ጋቢ፣ ለእኔ ጫማ ይዞ ነው የመጣ። አባየን አቅፎ አለቀሰ፣ ፂማቸውን ላጨላቸው፣ አንድ ቀን አደረ። ሊሄድ ሲል በር ላይ አቆመኝና፣ ትምህርት የትም እንደማይሄድ፣ እሱ መኪናውን ትቶ መምጣት እንደማይችል፣ እህታችንም ልጆቿን የምትጥልበት እንደሌላት ዘረዘረልኝ።

«አንቺ ብቻ ቤቱን ያዢልን» አለኝ።

እሺ አልኩት። ምን እላለሁ? የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። አዲሱን ጫማ አልጋዬ ሥር ከተትኩት፤ በዚያ ጭቃ የሚያስኬደኝ ቦታም አልነበረ። አባየ ንግግራችንን ከውስጥ ሰምተው ኖሯል። ያን ቀን መጽሐፉን አምጪ አላሉኝም። በነጋታውም አላሉኝም። ገላቸውን ሳጥባቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፣ እኔ ሳያቸው ይሸሻሉ።

በጳጉሜን ከወንዙ ማዶ ያሉት የኔታ መጡ። አባየ በጎረቤት ልከውባቸው ነበር። ሁለቱ በግእዝ ተነጋገሩ። በግእዝ የሚያወሩት እኔ እንዳልሰማ መሆኑ ገብቶኛል፤ ስለ ሞትና ስለ ኑዛዜ መስሎኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እንግዳው ሲወጡ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ እንዳደረጉ ነበር።

አዲስ ዓመት እንደገባ፣ ሰማዩ በጠራበት አንድ ጧት፣ አንሶላ ሳሰጣ ወጣት የቅኔ ተማሪዎች ቃሬዛ ይዘው ግቢያችን ገቡ። ሰው የሞተ መሰለኝ። ሮጬ ስገባ አባየ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ትራስ ተደግፈው ጠበቁኝ። ለካ እኔ አንሶላውን ሳጥብ ጎረቤታችን ገብቶ አልብሷቸዋል። ከዛሬ ጀምሮ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ባሉት የኔታ ዘንድ መሆኑን ነገሩኝ። ተማሪዎቹ በየተራ ያነሷቸዋል፣ ያጥቧቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ተኝተው ቅኔያቸውን ያርሙላቸዋል።

«ምን አጎደልኩብዎት?» አልኳቸው።

«ምንም።»

«ታዲያ እኔ እያለሁ በሰው እጅ?»

ምላሳቸው ሲቸኩሉ ስለሚተሳሰር፣ ነገሩን አስቀድመው ያዘጋጁት ይመስላል።

«እኔ የያዝኩት አልጋውን ነው» አሉኝ። «አንቺን አልያዝኩም።»

ሰው ልጅቷ አባቷን ጣለች እንደሚል፣ ወንድሜ እንደሚቆጣ፣ እኔም ፊቴን የማሳይበት እንደማጣ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሰውም ብሎ ብሎ ይደክመዋል፣ ወንድምሽንም እኔ እነግረዋለሁ አሉ። ከዚያ ለተማሪዎቹ ምልክት ሰጡ። እኔ ትራሳቸውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። አባየ ፀሐይ ካዩ ብዙ ቆይተው ስለነበር ዓይናቸው እያነባ፣ መንገድ ላይ ለሚያገኟቸው ሁሉ ግራ እጃቸውን እያነሱ ሰላምታ ይሰጡ ነበር። ሠርግ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት።

እንደፈራሁትም ሰው አወራ። ልጆች እያሏቸው በተማሪ ተጦሩ ተባለ። ወንድሜ በስልክ ጮኸብኝ፤ በኋላ ከአባየ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፣ ለሞጣ መሳፈሪያዬን እሱው ላከልኝ። መስቀል አልፎ ስሄድ ግን እንዳሰብኩት ደስ አላለኝም። ክፍል ተቀምጬ መምህሩ ስለ ቁስል ሲያስተምር፣ አሁን የሚገላበጡበት ሰዓት ነው እያልኩ ልነሳ እቃጣ ነበር። በሩ ተከፍቶልኝም ለብዙ ጊዜ እዚያች ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

በበዓል በበዓል እሄድ ነበር። አባየ ከእኔ ጋር ከነበሩበት ይልቅ ደህና ሆኑ። ዙሪያቸውን ተማሪ ከቧቸው፣ ድምፃቸው በርትቶ አገኛቸዋለሁ። ገና በር ላይ ሲያዩኝ «እንግዳ መጣች፣ መቀመጫ አምጡላት» ይላሉ። በደስታ ነው የሚሉት። ለእኔ ግን እንግዳ የሚለው ቃል ይከብደኝ ነበር።

የሞቱት መንገዱ በተዘጋበት፣ ስልኩም በጠፋበት ጊዜ ነው። እኔ እዚህ ሆስፒታል ሥራ ላይ ነበርኩ። በደብረ ወርቅ በኩል በእግሩ የመጣ መንገደኛ ነው የነገረኝ፤ ያኔ ተቀብረው ሰንብተዋል። ሰው ስለ አባቴ ሲጠይቀኝ መቼም ይህን ነው የምናገረው፤ መንገድ ተዘግቶብኝ አልቀበርኳቸውም እላለሁ። ለአንቺ ግን ሌላውን ልንገርሽ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩ ዕለት ተረኛ ሆኜ ካደርኩበት በቀጥታ ነበር የተሳፈርኩት። የኔታ ግቢ ያለችው ጎጇቸው ስደርስ ተማሪዎቹ ቁራሽ ሊለምኑ መንደር ወጥተዋል፣ አባየ ብቻቸውን ናቸው። ጥፍራቸው አድጎ ስላየሁ ልቁረጥልዎት ብዬ ምላጭ ማውጣት ጀመርኩ። ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝና መጀመሪያ ተኚ አሉኝ። እኔ አልደከመኝም አልኳቸው፤ እሳቸው ግን እግራቸው ሥር የተነጠፈውን አጎዛ በዓይናቸው አሳዩኝ። ለአፍታ ብዬ ጋደም አልኩ።

ስነቃ ፀሐይዋ ወደ ሌላው ግድግዳ ዞራለች። ዝንብ የሚበዛበት ወር ነበር፤ ጎጆዋ በዝንብ ትጮሃለች፣ ፊቴ ላይ ግን አንድም አላረፈብኝም። ቀና ስል አባየ ከአልጋው ጠርዝ ጎንበስ ብለው፣ በደህናዋ እጃቸው ጭራቸውን ከፊቴ በላይ ቀስ አድርገው ያወዛውዛሉ። እጃቸው ደክሞ ዝቅ ዝቅ ይል ነበር። መንቃቴን አላዩም። ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።