ወንድሜን መራመድ ያስተማረችው ሴት

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ባጃጅ ሶዶ ውስጥ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ ሁለት ዓመት አልፎት ሳይደገፍ መቆም አይችልም ነበር። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየች አስቴር የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት እናቴን አስፈቅዳ ከሰዓት በኋላ ታለማምደው ጀመር። ገመድ መሬት ላይ ዘርግታ፣ ሁለት እጁን ይዛ በላዩ ታስኬደዋለች፤ ትራስ ታሻግረዋለች፤ የጨርቅ ኳስ በእግሩ ታስመታዋለች። ልጅ የላትም፤ ዘመድ ሲጠይቃትም አይተን አናውቅም። አያቴ ደጃፍ ተቀምጦ ያያታል።

ያኔ አመሻሽ ላይ፣ ኩራዙ ሳይለኮስ፣ አያቴ ፍሙን እየቆሰቆሰ ተረት ይነግረኝ ነበር። አንድ ቀን፣ ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ የጥጃ ሞግዚት ስለሆነች ጅብ ነገረኝ። ጅቢቱ ጥጃውን በትዕግሥት መራመድ አስተማረችው፤ በየቀኑ ትንሽ ወደ ኋላ እያለች ስትጠራው፣ በመጨረሻ በገዛ እግሩ ዋሻዋ ድረስ ሄደላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስቴርን አላመንኳትም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገብቼ፣ ደብተሬን ቤት አስቀምጬ ስወጣ፣ ገመዱ ብቻ ተዘርግቷል፤ ሰው የለም። ከእንሰቱ ባሻገር «ና፣ ና የኔ ጌታ» የሚል የአስቴር ድምፅ ሰማሁ። ሄጄ ሳይ እጆቿን ዘርግታ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ትላለች፤ ማርቆስ ምንም ሳይዝ እየተንገዳገደ ይከተላታል። ከኋላዋ የግቢው በር ክፍት ነው።

«እማዬ፣ ልትወስደው ነው» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ እጇ በቆጮ እንደተለወሰ ሮጣ መጣች፤ ጎረቤትም ተሰበሰበ። ማርቆስ ደንግጦ ዞረ፣ አራት እርምጃ ሄዶ እናቴ ጉልበት ላይ ወደቀ። ያን ማንም አላየለትም።

«በሩን ማን ከፈተው?» አሏት አስቴርን።

«እኔ አይደለሁም» አለች በቀስታ።

ከፍቼው የገባሁት እኔ ነበርኩ። አልተናገርኩም።

ሳምንቱ ሳያልቅ አስቴር ዕቃዋን ጭና ወደ ቤሌ ከተማ ሄደች። አያቴን ተረቱ ስለ እሷ እንደሆነ ጠየቅኩት። «እኔ ያወራሁት ስለ ጅብ ነው» አለኝ፤ ወደ እኔ ሳያይ።

ለእናቴ እውነቱን የነገርኳት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ብዙም አልገረማት።

«በሩን ከፍተሽ ስትገቢ አስቴር አይታሽ ነበር» አለችኝ። «ልጅቷን እንዳትቆጪያት ብላ ለምናኝ ነው የሄደችው።»

ከአያቴ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። ያኛው ቃል በቃል አለ፤ ለልጆቼ ግን ነግሬያቸው አላውቅም።