የእማማ ዘይነባ ወረንጦ

እሾህ ወግቷችሁ ከበዓል ልትቀሩ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ አራዳ ገበያ ወረንጦ ሲሸጥ አይቼ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ወረንጦ ማለት ሁለት ጫፎቹ ግጥም የሚሉ ትንሽ የብረት መንቀያ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦቱ ሊወጣ ሲል እሾህ ተረከዜን ወጋኝ። መራመድ አቅቶኝ አለቀስኩ። የወሎዋ ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ አንገታቸው ላይ ያሰሩትን ወረንጦ ይዘው እግሬን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«የወረንጦን ሦስት ሥራ ንገሪኝ።»

«እሾህ መንቀል!»

«ይህንማ ፍየልም ያውቃል። ሌላስ?»

«ዐይን የሚወጋ ፀጉር መንቀል።»

«ሦስተኛውስ?»

ሳስብ ለካ እሾሁ ተነቅሎ መዳፋቸው ላይ ነበር!

«በይ ሩጪ፤ ታቦቱ አንቺን አይጠብቅም!»

ሮጬ እልልታው መሀል ገባሁ። ሦስተኛውን እስከ ዛሬ አልመለስኩም። እናንተም እሾህ የወጋው ልጅ ስታገኙ አስቀድማችሁ የወረንጦን ሦስት ሥራ ጠይቁት፤ ሲያስብ ንቀሉለት።