እንግዴ ልጁ ሳይመጣ እልል የለም

መቀስ በፈላ ውሃ ውስጥ ከድስት ጋር ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር፣ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጥፍሬን ለማስመርመር ይዳዳኛል። በቾ ቦሬ በሚባለው ሰፈር በነበረው ግቢያችን ሁለት ክፍል ተከራይታ የምትኖረው አዋላጅ፣ ሲስተር ዘሃራ፣ ለቤት ጥሪ የምትይዘውን መቀስ በከሰል ምድጃ ስትቀቅል፣ እኔ ድንች መስሎኝ ክዳኑን ከፍቼ ተይዤ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ባገኘችኝ ቁጥር «እስቲ እጅ!» ትለኝ ነበር። እጄ ንጹሕ ሆኖ የተገኘበትን ቀን አላስታውስም፤ ሳይኖር አይቀርም ብዬ ልዋሽ ብልም፣ እሷን ስለምፈራት አልዋሽም።

በዚያ ክረምት የእናቴ ሆድ ገፋ። ዝናቡ የግቢያችንን አፈር ጭቃ አድርጎ፣ ጭቃውን እኔ ወደ ቤት እያስገባሁ፣ ሁላችንም ደስ ሊለን ሲገባ ቤቱ ዝም ብሎ ነበር። ከእኔ በኋላ ታናሽ ወንድሜን የወለደች ቀን፣ ሕፃኑ አለቀሰ ተብሎ እልልታው ሲቀልጥ፣ ሰው ሁሉ አባቴን «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ለማለት ግር ብሎ ወጥቶ፣ እሷ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ደም እየፈሰሳት ቀርታ፣ ለጥቂት ነበር የተረፈችው። ይህን በቤታችን ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም፤ እኔ ግን በሮች ሥር መቀመጥ እወድ ስለነበር የማላውቀው ነገር አልነበረም።

ሲስተር ዘሃራ በየወሩ እየመጣች፣ እናቴን አስተኝታ፣ እንደ ቀንድ የተቀረጸች እንጨት ከሆዷ ላይ አቁማ፣ ጆሮዋን ለጥፋ የሕፃኑን ልብ ታዳምጥ ነበር።

«ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

«ወንድሜ እጁን ይታጠብ ይላል።»

ታጠብኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የታዘዝኩት ሰው የለም፤ ሚስቴን ጨምሮ።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲሰክን፣ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ በላይነሽ እናቴን ለማረስ ከጎጃም ድረስ መጣች፤ በመጣችበት ቀንም በእሷና በሲስተር ዘሃራ መካከል ጦርነት ተጀመረ። ሲስተር ዘሃራ ለእናቴ «ባለፈው ደም ፈስሶሻልና እዚህ ቤት አላዋልድሽም፤ ጤና ጣቢያ ትመጫለሽ» ብላት ነበር።

«እኔ ሰባት ልጅ ከጓዳ ወልጃለሁ!» አለች አክስቴ። «የመንግሥት አልጋ ላይ ሳልወጣ አልወለድኩም ወይ?»

«ስንቱ አደገልዎት፣ እትዬ?»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «አራቱ» አለች ዝቅ ብላ።

እናቴ ደግሞ በሰው ፊት ተንጋሎ እግር መስቀልን ፈርታ ነበር። ሲስተር ዘሃራ ሳቀችና «አንቺ መሬት ላይ ተንበርክከሽ ትወልጃለሽ፤ አልጋው ላይ እኔ እተኛበታለሁ» አለቻት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይህን ሰምቶ ሥርዓት አይደለም ብሎ ቢቆጣ፣ «ምጥ የሚይዘው ማንን ነው? አንተን ነው?» ብላ እንደመለሰችለት በመንደሩ ሁሉ ተወራ። ኃላፊው ያን ሰሞን በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር።

ኅዳር ገብቶ ቡናው ቀልቶ፣ እሸቱ በየደጁ በሰሌን ላይ በተሰጣበት አንድ ጠዋት እናቴን ምጥ ያዛት። አባቴ በጋሪ ሲወስዳት፣ አክስቴ ከጎኗ፣ ጎረቤቱ ከኋላ፣ እኔ ደግሞ ማንም ሳይጠራኝ ከጋሪው ጭራ ተንጠልጥዬ ደረስን። ሲስተር ዘሃራ ሁሉንም ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ሰበሰበችና ጣቷን አንሥታ እንዲህ አለች፦

«ሕፃኑ አለቀሰ ብላችሁ እልል እንዳትሉ። እንግዴ ልጁ ሳይመጣ እልል የለም፤ ወላሂ የለም! ሲመጣ እኔው እነግራችኋለሁ።»

እንግዴ ልጅ ማለት ከሕፃኑ ቀጥሎ የሚወጣው፣ በማኅፀን ሳለ ሲመገብበት የነበረው መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት «እንግዳ ልጅ» ስትል ነው። እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ ልጅ ነው ተባለ፤ እሱ ካልመጣ ደስታ የለም ተባለ። ታዲያ ምኑ ነው የማይገባው?

አክስቴ አፏን ልትዘጋ ምላ እንድትገባ ተፈቀደላት። እኔ በመስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ ሲስተር ዘሃራ በኦሮምኛ «ጀባዱ፣ ጀባዱ!» እያለች እናቴን ስታበረታ፣ አክስቴ መሐላዋን ረስታ «ማርያም! ማርያም!» ስትል፣ ሲስተር ዘሃራም አብራ ስትጣራ እሰማ ነበር።

«አንቺ እስላም አይደለሽ እንዴ?» አለች አክስቴ በዚያ ጭንቅ መሃል።

«ማርያም የእኛም ናት፤ ይልቅ አጥብቀው ይያዟት!»

ሕፃን አለቀሰ። ከዛፉ ሥር ያሉት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ጠበቅን። ጥላው ከእግሬ እስከ ግድግዳው እስኪዞር ጠበቅን። ከዚያ ሲስተር ዘሃራ ቀስ ብላ «እንግዴ ልጁ ዘገየ» ስትል ሰማሁ፤ ድምፅዋ የዘወትር ድምፅዋ አልነበረም።

መንገድ ጠፍቶት ነው ብዬ ተነሣሁ። ወደ አጥሩ በር ሮጬ ብወጣ፣ የማላውቀው እኩያዬ ሸንኮራ ተሸክሞ ቆሟል።

«እንግዳ ነህ?»

«አዎ፣ ከአጋሮ ነው የመጣሁት።»

ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እጁን ይዤ እየጎተትኩ «መጣ! መጣ! እንግዴ ልጁ መጣ!» እያልኩ ገባሁ። ዞሮ ያየኝ አልነበረም፤ ከመስኮቱ የሰማሁ መሰላቸው። እልልታው ቀለጠ፤ አባቴ ከፊት፣ ጎረቤቱ ከኋላ፣ ልክ እንደ ባለፈው፣ ግር ብለው ወደ በሩ ሄዱ።

በሩ ላይ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ የቆመችው አክስቴ ነበረች።

«ማን መጣ አላችሁ? ገና ነው! ደም እየፈሰሳት ነው!»

«እትዬ፣ ሚስቴ ናት!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «አባወራው እኔ ነኝ፤ አሳልፊኝ!»

«እዚች በር ላይ አባወራ የለም!» አለች፣ ከጎጃም ይዛ በመጣችው ድምፅ ሁሉ። «ረግጠኸኝ ታልፋለህ፤ አለዚያ ትቀመጣለህ!»

ከውስጥ የሲስተር ዘሃራ ድምፅ መጣ፦ «እትዬ፣ በሩን ያዙልኝ! እጄን ከሆዷ ላነሣ አልችልም!»

አባቴ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። እልልታው እንደተቆረጠ ክር ቀረ። ከኋላዬ የአጋሮው ልጅ ሸንኮራውን ሲያኝክ ብቻ ይሰማ ነበር። አባቴ ዞሮ እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ነገሩ ገባው። አልመታኝም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። በአባቴ እጅ ያልተመታሁበት ጥፋት እሱ ብቻ ነውና፣ እናቴ ሞታለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ የገደልኳትም እኔ ነኝ።

ውስጥ የሆነውን አክስቴ ናት በኋላ የነገረችን፦ ሲስተር ዘሃራ አልጎተተችም፣ አልተጣደፈችም፤ ሕፃኗን ከእናቴ ጡት ላይ አስጠግታ፣ የጋሪውን ሰውዬ ወደ ሆስፒታል ለመሄድ ዝግጁ ሁን ብላ በመስኮት አዛ፣ እንግዴ ልጁ በራሱ ሲወጣም ሆዷን እያሸች ደሙን አቆመችው።

«አሁን መጣ!» አለች በመጨረሻ። ማንም እልል ለማለት አልደፈረም።

ያኔ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ፣ የእናቴ ድምፅ፣ «ምነው ዝም አላችሁ?» አለ።

«ሴት ናት» አለች አክስቴ እያለቀሰች። «ለሴት ሦስት ነው፤ በሉ ሦስት…»

«ለዚህ ሁሉ ጭንቅ ሦስት? እንደ ወንዱ ሰባት በሉ!» አለች ሲስተር ዘሃራ።

ሰባት ተባለ። የአጋሮውም ልጅ አብሮ አለ።

በበጋው ሲስተር ዘሃራ ሕፃኗን ለማየት ስትመላለስ ሰነበተች። አክስቴ ለአራስ ልጅ የሚላስ ለጋ ቅቤ አዘጋጅታ ነበር፤ «እንገሩን ትጥባ፤ ሌላ ወደ አፏ አይገባም፣ እትብቷ ላይም ቅቤ አይደርስም» ተባለች። ቅቤው የት እንደደረሰ ለብዙ ቀን ሲጠየቅ፣ እኔ አብሬ እፈልግ ነበር። አክስቴ አጉረመረመች፣ ግን ታዘዘች፤ አገሯ ገብታም «እንግዴ ልጁ ሳይመጣ እልል የለም» የሚለውን እንደ ራሷ ፈጠራ ለመንደሯ ማወጇን ሰማን። ሲስተር ዘሃራ ይህን ስትሰማ «ይውሰዱት፤ ሕጉ ይሥራ እንጂ የማንም ይሁን» አለች።

እናቴ ከዚያ በኋላ እኔን ለመዳርና በመረጥኳት ሚስት ለመሳቅ የሚበቃ ዕድሜ ኖረች። ዛሬ ዛሬ ጎረምሶች «መውለድ እኮ ተፈጥሮ ነው፣ ሴት ከጥንትም ስትወልድ ኖራለች» ሲሉኝ፣ አዎ፣ ጎርፍም ተፈጥሮ ነው፣ ግን ድልድይ እንሠራለን እላቸዋለሁ። ሽማግሌ ተቆጣ ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ።

ባለፈው ወር የልጅ ልጄን ምጥ ይዟት ከመንደራ ቆጪ ሰፈር በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። አዋላጇ ወንድ ነው ቢሉኝ ሳጉረመርም፣ እሱ ግን ተቀምጠሽ ነው፣ ተንበርክከሽ ነው፣ እንዴት ይመችሻል ብሎ ጠየቃት አሉኝ፤ አፌን ያዝኩ። እናቴ በዚያ ኅዳር ጠዋት ጋሪው ላይ ከመውጣቷ በፊት በየጎረቤቱ እየዞረች «ያስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ» ብላ ነበር፤ ለመውለድ የሚሄድ ሰው ያኔ እንደዚያ ይሰናበት ነበር። የልጅ ልጄ ግን ባጃጁ ውስጥ ሆና አንገቷን አውጥታ ያለችኝ «አባባ፣ ምሳዬን እንዳይበሉብኝ!» ብቻ ነው። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ምን ዓይነት ድፍረት ነው አልኩ። ከዚያ ሳህኑን ከድኜ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ልጇን አቅፋ ተመልሳ፣ አሙቀውላት በላችው። ከጥጉ ትንሽ ጎድሎ ነበር፤ ድመቷ ናት።