ጋሼ ሽኩርን ሥራ የነሳው ስልክ

ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቡታጅራ መነኻሪያ በሚኒባስ ስነሳ ጉዳዬ አንድ ነበር፤ አጎቴን ጋሼ ሽኩርን ከመርካቶ ይዤ መመለስ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሶማሌ ተራ ውስጥ ዕቃ መሸከም ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን እንዳላቋርጥ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ አስተማሪ የተባልኩት በእሳቸው ትከሻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለባለቤታቸው ለእትዬ ራህመት ደውለው «ስልኩ ሥራ ከለከለኝ» አሏቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ሽኩር የሚሠሩበት የጅምላ መጋዘን ከጥቂት ወራት ወዲህ ሥራ የሚመድበው በሰው አይደለም። ባለሱቆች ትዕዛዛቸውን በስልክ ይልካሉ፤ ከዚያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ፕሮግራም ማን ምን ተሸክሞ፣ መቼና በየት በኩል እንደሚሄድ ወስኖ ለየተሸካሚው ስልክ ያስተላልፋል። እትዬ ራህመት ይህን ሲሰሙ ጓዳ ገብተው ለባላቸው አዲስ አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። «በቃው፤ ሂድና አምጣልኝ» አሉኝ።

መንገዱ ጥሩ ነበር። ጢያን አልፈን መልካ ቁንጥሬ ድልድይ ስንደርስ አዋሽ ደፍርሶ ይወርዳል። አጠገቤ የቃሪያ ከረጢት ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ እናት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«አጎቴን ላመጣ ነው።»

«አመማቸው እንዴ?»

«አይ፣ ሥራ ሊያቆሙ ነው።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

እስከ ዓለም ገና ድረስ ይህቺው ጥያቄ ስትከነክነኝ ቆየች።

ሶማሌ ተራ፣ አምስት ሰዓት ገደማ

ሶማሌ ተራ እንደ ወትሮው ነው። ካርቶን ከሰው ይበልጣል። «ጀርባ! ጀርባ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ በሰማሁ ቁጥር ግድግዳ ላይ እለጠፋለሁ። ጋሼ ሽኩርን መጋዘኑ በር ላይ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስልካቸውን በመዳፋቸው ይዘውታል። የጎረቤታቸው ስልክ ይጮሃል፣ ሰውየው ይነሳል። የሌላው ይጮሃል፣ ይነሳል። የእሳቸው ዝም።

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ጉዳዬን ሳልጨርሰው ገባቸው።

«ራህመት ናት የላከችህ?»

«አዎ፣ ጋሼ። ቤት እንሂድ። ይበቃዎታል።»

«ደክሞኝ ብሄድ እሺ። አምስት ቀን እዚህ በር ላይ ተገትሬ፣ የማይረባ ተብዬ ግን አልሄድም።»

ይህን እየተባባልን ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ሌላው ሁሉ ተይዞ ነበር መሰለኝ። ስክሪኑ ላይ የካርቶን ሥዕል፣ የሱቁ ፎቶና የመንገድ ቀስት ወጣ፤ የሻይ ብርጭቆ፣ ወደ ጭድ ተራ። ከመቀመጫቸው አነሳሳቸውን ብታዩ ስድሳ ዓመት የሞላቸው አይመስሉም። እኔም ተከተልኳቸው።

ቀስቱ በአቋራጭ ነበር የሚመራው። ጋሼ ሽኩር ግን በዙሪያው መንገድ ታጠፉ።

«በዚያ ነው እኮ የሚለው!» አልኳቸው።

«በዚያ የቱቦው ክዳን ተነስቷል። ብርጭቆ ይዤ ልዝለል?»

በዝግታ፣ በየጥጉ ቆም እያሉ፣ ሰው እያሳለፉ ሄዱ። ስንደርስ ባለሱቋ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ካርቶኑን ተቀብለው ሳይከፍቱ መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት። «አያዩትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ ሽኩር ያመጡትን? ለምን አያለሁ?» አሉኝ፣ ጥያቄዬ እንዳሳፈራቸው ሁሉ።

ከሱቁ ስንወጣ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ጋሼ ሽኩር ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱት።

«ምን አለ?»

«ማስታወቂያ ነው። ከሥራ በኋላ ሁሌ ይመጣል።»

ተቀብዬ አነበብኩት። «ጋሼ ሽኩር፣ ይህ ጉዞ ከታሰበው በላይ ጊዜ ወስዷል። ምክንያቱን ቢነግሩኝ ቀጣዩን ሥራ ስመድብ ከግምት አስገባዋለሁ። በጽሑፍ ወይም በድምፅ መመለስ ይችላሉ።» ወደ ላይ ገፋሁት። ያው ጥያቄ። አሁንም ገፋሁት። ያው ጥያቄ፣ የሌላ ቀን። አንዱም አልተመለሰም።

«ጋሼ፣ ለምን አይመልሱለትም?»

«መነጽሬን ረስቼ...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። «መነጽር አይደለም፣ ሙባረክ። ፊደል አልቆጠርኩም።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ኮሌጅ ሳለሁ በየወሩ እጽፍላቸው ነበር። መልሳቸውም በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ይደርሰኝ ነበር። ያን ሁሉ ማን ነበር የሚያነብና የሚጽፍላቸው?

«ባለሱቆች። ያንተን ደብዳቤ ግን ሁለት ጊዜ ነበር የማስነብበው፤ ከሁለት የተለያየ ሰው። አንዱ የዘለላት ነገር እንዳታመልጠኝ።»

እኔ ስንት ሕፃን ሀ ሁ ያስቆጠርኩ ሰው፣ እንባዬን ለመደበቅ ስልኩ ላይ አቀረቀርኩ። ከዚያ ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው አንስቼ፣ ቀኑንና ዕቃውን እየጠራሁ አነብላቸው ጀመር። እሳቸው ይመልሳሉ፣ እኔ ድምፃቸውን እየቀዳሁ እልካለሁ። አንዱንም አልረሱም።

«እሱ ቀን ለቅሶ ነበር፤ ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶት።»

«እሱ ዓርብ ነው። ሰጋጁ መንገድ ላይ ነበር። ሰላት እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩ፤ በሰጋጅ መሀል በጭነት ይታለፋል እንዴ?»

«እሱ መስታወት ነው። መስታወት ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ስንጨርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ምሳችንን በልተን ወደሚኖሩበት ክፍል ሄድን። ስለ ፊደሉ ነገር እንዳላወራ አላስማሉኝም። ኋላ ይህን ልጽፍ ነው ስላቸው «ጻፈው፤ እንደኔ ያለ ሌላም አይጠፋም» አሉኝ።

ዓርብ፣ ሁለት ሰዓት

መጋዘኑ በር ላይ ስንደርስ ፕሮግራሙን የምትቆጣጠረው ሰላም የምትባል ሠራተኛ ትጠብቀን ነበር።

«ጋሼ ሽኩር፣ የላኩት መልስ በሙሉ ደርሷል» አለች። ፕሮግራሙ እስከ ትናንት የሚያየው ሰዓት ብቻ እንደነበር፣ ለሚዘገይ ሰውም ሥራ እንደሚቀንስ፣ ዕቃ ተሰብሮ መመለስ አለመመለሱ እንደማይደርሰው ነገረችን። አሁን ፕሮግራሙ ራሱ የተሰበረም እንዲመዘገብለት ጠይቋል፤ ተሰባሪ ዕቃ ለጋሼ ሽኩር እንዲሰጥና ዓርብ በሰላት ሰዓት የሁሉም ሰው መንገድ እንዲቀየርም ሐሳብ አቅርቧል። የመጋዘኑ ባለቤትም ተስማምተዋል።

ጋሼ ሽኩር እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ጥሩ። አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም? አምስት ቀን በዚህ በር ገብተሽ ወጥተሻል።»

ሰላም ፊቷ ቀላ። «ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ስልኩ ይጠይቃል ብዬ ተውኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይሁን፣ የኔ ልጅ። ሲጠይቀኝ ግን እያወራ ይጠይቀኝ።»

እዚያው ቆማ ስልካቸውን አስተካከለችላቸው። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ በአማርኛ ተናገረ፤ «ጋሼ ሽኩር፣ አንድ ካርቶን የመብራት አምፖል አለ፤ አይቸኩሉ።» በሩ ላይ የነበሩት ተሸካሚዎች ሳቁ። አንዱ «እኛን እኮ ቶሎ በሉ ነው የሚለን!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ሽኩር ካርቶኑን ትከሻቸው ላይ አመቻቹና «ራህመትን ሳምልኝ» ብለውኝ ሕዝቡ መሀል ገቡ።

ቡታጅራ፣ አመሻሽ

ብቻዬን ነው የተመለስኩት። በመንገድ ላይ ሳስበው የነበረው ስለ ስልኩ ብቻ አልነበረም። ያ ፕሮግራም የማያውቀውን ነገር ቢያንስ ጠይቋል፤ መልስ ሲያጣ ግን ዝምታውን እንደ ስንፍና ቆጠረው፤ ሰላምም ዝም ብላ አለፈች። እኔ ደግሞ ያሳደጉኝን ሰው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ይልቁንም ሳልጠይቅ ጡረታ ላወጣቸው ነበር የሄድኩት።

እትዬ ራህመት በር ላይ ቆመው ከኋላዬ ሰው ፈለጉ።

«የታለ?»

«ሥራ ላይ ናቸው። ስልኩ ለምን እንደሚዘገዩ ሲጠይቃቸው ቆይቶ፣ ትናንት ሁሉንም መለሱለት።»

እትዬ ራህመት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን ዘገየህ ስለው ያልመለሰልኝን ሰውዬ!»